ስለ ጥንት ቤቶችና ስለ ዕቃዎቻቸው፤ በደብረ ታቦርና በጋይንት ለማየትና ለመማር ስለሚደረግ ጉዞ

ጌታችን በደብረ ታቦር ብርሃነ መለኮቱን በገለጠ ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያ ያሰበው ነገር የቤት ሥራ ነበር፤ በዚያ ተራራ ላይ ሦስት ዳስ ይሠራ ዘንድ ተመኘ። ሰው ክብር ባየበት ስፍራ ሁሉ ቤት ሠርቶ ለመቀመጥ ይመኛልና ነገሩ አያስደንቅም። ስሟን ከዚያ ቅዱስ ተራራ የወረሰችው የበጌምድሯ ደብረ ታቦርም እንደዚሁ ሆነች፤ መሳፍንትና ነገሥታት እየተከታተሉ አዳራሽና እልፍኝ ሠርተውባታል፤ አልጋቸውን ዘርግተው ግብር አግብተውባታል። ዛሬ ግን ስለ እነዚያ ቤቶችና በውስጣቸው ስለ ነበረው ዕቃ ለማወቅ የሚወድ ሰው ወዴት ይሄዳል? ምንስ ያያል? ይህን ጥያቄ መመለስ ለኢዮቤልዩ በዓል የተገባ ነገር ነው፤ ኢዮቤልዩ ማለት ያለፈውን ዘመን የሚቈጥሩበት ዓመት ነውና።

የጥንት ቤትንና የቤት ዕቃን ለመመርመር ቀን ቈርጦ መጓዝ በሌላው ዓለም የታወቀ ልማድ ነው። በእንግሊዝ አገር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1895 ዓመት ናሽናል ትረስት የተባለው ማኅበር የቈዩ ቤቶችንና ያማሩ ስፍራዎችን ለሕዝብ ለመጠበቅ ተቋቋመ፤ በ1964 ዓመት ደግሞ የቤት ዕቃ ታሪክን ብቻ የሚያጠና ሌላ ማኅበር ተመሠረተ። እንዲህ ያለው ማኅበር አባሎቹን ሰብስቦ ወደ አንድ አሮጌ ቤት ይወስዳቸዋል፤ ዐዋቂው ወንበሩን ገልብጦ ከሥሩ ያለውን የመሣሪያ ምልክት ያሳያቸዋል፤ እነርሱም ጠይቀውና ጽፈው ይመለሳሉ። በአገራችንም በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ከተሰጠ በኋላ፥ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በዚያው ሙዚየሙን አደራጀ። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ከነዕቃው በዚያ ተጠብቆ ለጐብኚ ታይቷል፤ የተቋሙ ወዳጆችም ማኅበር አቁመው ለሙዚየሙ ዕቃ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ሰብስበዋል።

ነገር ግን ለመማር መጓዝ ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። የቈሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከደብር ወደ ደብር የሚዞረው ዕውቀቱ በአንድ ስፍራ ስለማይገኝ ነው። ድጓን ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕትን ለመማር ወደ ዙር አምባ ይወጣል። በኋላ ዘመንም የሰንበት ትምህርት ቤቶች ምእመናንን ይዘው ወደ ገዳማት መሄድን ልማድ አድርገዋል፤ ማኅበረ ቅዱሳንም «ሐዊረ ሕይወት» ብሎ የሰየመውን የትምህርትና የጸሎት ጉዞ አዘጋጅቷል። እንግዲህ ለነፍስ ትምህርት የተለመደው መንገድ የአባቶችን የእጅ ሥራ ለማወቅም ይሆናል፤ ተጓዡ ከጸሎቱ በኋላ ዐይኑን ወደ መዝጊያው፥ ወደ ምሰሶውና ወደ አትሮንሱ ቢመልስ በቂ ነው።

የጉዞው መጀመሪያ ከተማይቱ ራሷ ናት። የየጁው ተወላጅ ራስ ጉግሳ መርሳ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው በ1817 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ በጌምድርን ገዙ። የልጅ ልጃቸው ራስ ዓሊም ከ1823 እስከ 1845 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ስም አገሩን ሲያስተዳድሩ የመንግሥቱ ሥልጣን ከጐንደር ግንብ ይልቅ በደብረ ታቦር አዳራሽ ነበር። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ከሰሜን መጥተው የተዋጉትም በዚህችው ከተማ አጠገብ ነው። ራስ ዓሊ በሰኔ ወር 1845 ዓ.ም. በአይሻል ድል ከሆኑ በኋላ ከተማይቱ ለደጃዝማች ካሣ፥ ማለት በኋላ ለዐፄ ቴዎድሮስ ሆነች። ዐፄ ዮሐንስ ዐራተኛም በደብረ ታቦርና በአጠገቧ ባለችው በሰመራ ተቀምጠዋል፤ በ1872 ዓ.ም. የግብፅ መልእክተኛ ሆኖ የመጣውን እንግሊዛዊውን ጎርዶንን የተቀበሉት በደብረ ታቦር ነው። ከዚያም በኋላ የበጌምድሩ ገዢ ራስ ጉግሳ ወሌ በ1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት እስኪወድቁ ድረስ መቀመጫቸው ነበረች።

ይህን ሁሉ ታሪክ ሰምቶ የሚመጣ ተመልካች እንደ ጐንደር ያለ ትልቅ ግንብ ፈልጎ ባያገኝ ሊያዝን ይችላል። ጐንደር በድንጋይና በኖራ ስለ ተሠራች ግንቧ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። የመሳፍንቱ አዳራሽ ግን በአብዛኛው የእንጨት፥ የጭቃና የሣር ሥራ ነበር፤ መሥራቱ ፈጣን፥ መቃጠሉም ቀላል ነው። በዚያ ዘመን ገዢው ከዘማች ጋር የሚኖር ስለ ነበረ ከቤቱ ይልቅ ድንኳኑ፥ ከድንኳኑም ይልቅ አልጋው የሥልጣኑ ምልክት ነበር።

ስለ አልጋ ሲነሣ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። በአማርኛችን የመንግሥት ስም ከቤት ዕቃ ስም ጋር አንድ ሆኗል፤ የንጉሥ ልጅ «አልጋ ወራሽ» ይባላል፤ መንግሥት ሲረጋ «አልጋው ጸና» ይባላል። ይህም የሆነው ጌታው ምንጣፍና ትራስ በተደረበበት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ተቀምጦ ዳኝነት ስለሚያይና እንግዳ ስለሚቀበል ነው። የባላገሩም አልጋ በአሠራሩ የዚያው ዘመድ ነው፤ ዐራት እግር ተበስቶ ወጋግራው ይገባበታል፤ ከዚያ እርጥብ ጠፍር ይወጠርበታል፤ ጠፍሩ ሲደርቅ እየጠበበ ምስማር ሳይመታበት እንጨቱን ሁሉ አጥብቆ ይይዘዋል። ይህን በዐይኑ ያየ ተማሪ አልጋ ጸና የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ በሌላ ጆሮ ይሰማዋል።

ከከተማው በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር የሚርቀው ጋፋት ሁለተኛው የትምህርት ስፍራ ነው። በዚያ ዐፄ ቴዎድሮስ ከባዝል አጠገብ ከቅዱስ ክሪሾና የስብከት ትምህርት ቤት የመጡትን የእጅ ሠራተኞች፥ ከእነርሱም ጋር ወልድማየርንና ዛልሙለርን፥ አስቀምጠው ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን ጨምረው መድፍና ሠረገላ አሠሩ። ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል የሚመዝን ነው። ጋፋትን የሚያይ ሰው የሚማረው ስለ መድፉ ብቻ አይደለም፤ መቅለጫ ምድጃና መዶሻ ባለበት ስፍራ እጅ ሥራ እንደ ውርደት በሚቈጠርበት ዘመን ንጉሡ ሠራተኛን ማክበራቸውን ጭምር ነው። በሀገራችን ቀጥቃጩና ፋቂው፥ ሸክላ ሠሪዋና ሸማኔው «ጠይብ» እየተባሉ ይሰደቡ ነበርና፤ በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። በብራና መጽሐፍ ላይ ያስጻፈው ጌታና የሰጠበት ደብር ስም በቀይ ቀለም ሲነበብ መዝጊያውን የጠረበው አናጢ ስሙ የትም የማይገኘው ስለዚህ ነው።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጐተቱ፥ ገደሉን መንገድ እያስቈረጡ ወደ መቅደላ ተነሡ፤ ለመድረስም ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። በዚያ እሳት ከራስ ጉግሳ ጀምሮ የተከማቸው የአዳራሽና የእልፍኝ ዕቃ ምን ያህሉ እንደ ጠፋ የሚናገር መዝገብ የለም። ከዚያ በፊት በ1859 ዓ.ም. ከጐንደር አብያተ ክርስቲያናት የተወሰዱት መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ደግሞ በመቅደላ ተከማችተው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ሠውተው መቅደላ በእንግሊዞች እጅ ስትወድቅ ምርኮው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወረደ፤ በደላንታ ሜዳም ለጨረታ ቀረበ። ከብራና መጻሕፍቱ 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀመጡ።

የደብረ ታቦር እሳትና የመቅደላ ምርኮ ሁለቱም ጥፋት ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ልዩነት አላቸው። ከመቅደላ የወጣው ዕቃ ስሙና መልኩ በመዝገብ ስለ ተጻፈ ዛሬም የት እንዳለ ይታወቃል፤ የሚጠይቀውም ሰው ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል። በደብረ ታቦር የተቃጠለው ግን ስላልተቈጠረ ሐዘኑ እንኳ ስም የለውም። በመጽሐፈ ዕዝራ እንደ ተተረከው ናቡከደነፆር ከኢየሩሳሌም የማረከው ንዋየ ቅድሳት ከባቢሎን ሲመለስ የቂሮስ መዝገብ ጠባቂ አንድ በአንድ ቈጥሮ አስረከበ፤ ድምሩም 5400 ሆነ። የተቈጠረ ዕቃ ተመለሰ። ከዚህ የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው፤ ለማየት የሚሄድ ሰው ቈጥሮና ጽፎ ካልተመለሰ ጉዞው ሽርሽር ብቻ ይሆናል።

ከጌቶቹ አዳራሽ ያልተረፈው ነገር በሁለት ስፍራ ይገኛል፤ አንዱ የባላገሩ ቤት፥ ሁለተኛው ቤተ እግዚአብሔር ነው።

በፋርጣና በጋይንት ደጋ ያለው የባላገር ቤት ሲመረመር ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። በመካከል ምሰሶው ቆሞ ጣራውን ይሸከማል፤ በዙሪያ ያለው ቋሚ በማገር ይታሰራል፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ይመረግበታል፤ በላዩ ሣር ይከደናል። በውስጥ ለመቀመጫና ለመኝታ የሚሆን የጭቃ መደብ፥ ለእህል ጎተራ፥ ለጠላ ጋን፥ ለእንግዳ በርጩማ አለ። በርጩማው ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ መጋጠሚያ የለውም፤ ስለዚህ አይላቀቅም። የቀድሞ ሰው ለምሰሶ ወይራና ጥድ ይመርጥ ነበር፤ ምስጥ አይደፍራቸውምና። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ወደ አገሩ ከገባ ወዲህ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ስፍራውን ወሰደ፤ ቈርቈሮም ሣሩን ተካው። ቈርቈሮ ለባለቤቱ ዕረፍት ነው፤ ሣር መለወጥ ድካም ነውና ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን ክዳኑ ሲለወጥ የከዳኙ ሙያ ያልፋል፤ ሙያው ሲያልፍ የየክፍሉ ስም ይረሳል። ስለዚህ ከሕንጻው ይልቅ ቃሉ ፈጥኖ ይጠፋል። ተጓዦች ከአንድ ሽማግሌ ጋር በአንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ግማሽ ቀን ተቀምጠው የእያንዳንዱን እንጨት ስም ቢጠይቁና ቢጽፉ ከብዙ ሥዕል የሚበልጥ ሀብት ይዘው ይመለሳሉ።

በቤተ ክርስቲያን ያለው ሀብት ደግሞ ሥርዓቱ የጠበቀው ነው። ክብ ሆኖ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክፍል አለው፤ በውጭ ቅኔ ማኅሌት፥ ቀጥሎ ቅድስት፥ በመካከል መቅደስ። መቅደሱ ብዙ ጊዜ አራት ማዕዘን ሲሆን በግድግዳው ላይ በሸራ የተሣለ ሥዕል ይለጠፍበታል። በጣራው ጫፍ የሰጎን ዕንቍላል የተሰካበት ጉልላት ይታያል። ተመልካቹ በመዝጊያው ፊት ሲቆም ጥቂት ነገሮችን ሊለይ ይችላል። ሳንቃው በመጥረቢያ የተጠረበ ከሆነ ፊቱ እንደ ዓሣ ቅርፊት ለስላሳ ጐድጓዳ ምልክት አለው፤ በመጋዝ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን መስመሩ ቀጥ ብሎ ይከታተላል። የቀድሞው መዝጊያ በብረት ማጠፊያ አይዞርም፤ ከራሱ ሳንቃ የወጣ ጫፍ በጉበኑና በመድረኩ ጕድጓድ ውስጥ ገብቶ ይዞራል እንጂ። በምስማር ፈንታ የእንጨት ችንካር ይገኝበታል። በቅኔ ማኅሌቱ መቋሚያው፥ ከበሮውና አትሮንሱ፥ በዕቃ ቤቱም መጻሕፍቱ ከነማኅደራቸው ይጠበቃሉ። የዕቃ ቤቱ ኀላፊ ቄሰ ገበዙ ናቸው፤ ያለ ፈቃዳቸው የሚታይ ነገር የለም። ከመጋረጃው ወዲያም የተመልካች ዐይን አይሻገርም፤ ታቦቱና መንበሩ ለካህናት እንጂ ለምርመራ የተሰጡ አይደሉምና።

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጉና ተራራ ግርጌ በክምር ድንጋይ በኩል ወደ ንፋስ መውጫ የሚሄድ መንገደኛ ወደ ጋይንት ይገባል። ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ነፋሱ ብርቱ ነው፤ የአገሩ ቤት ዝቅ ብሎ የሚሠራበትን ምክንያት መንገደኛው በገላው ይማረዋል። በጋይንት ያለችው የቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን የዚህ ጉዞ ፍጻሜ ልትሆን ይገባታል። በውጭ ሲያዩዋት እንደ ሌሎቹ የደጋ አብያተ ክርስቲያናት ክብ ናት፤ በውስጧ ግን ከድንጋይና ከእንጨት የተሠራ፥ ከዘመነ ጐንደር አስቀድሞ የነበረ፥ አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። የኋላ ዘመን ሰዎች አሮጌውን ሳያፈርሱ አዲሱን እንደ ልብስ አልብሰውታል። ቶማስ ፓክንሃም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1955 ዓመት ደርሶ አይቷት በመጽሐፉ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ የውጭ ሊቃውንት ዐወቋት። የድጓ መምህራንና ደቀ መዛሙርታቸው ግን ከዚያ አስቀድሞ በየቀኑ ያዩዋት፥ የሚጸልዩባትም ቤት ነበረች። ለእነርሱ የተሰወረ ነገር አልነበረም፤ የቀረው መጻፉ ብቻ ነበር።

ቤተልሔም ለዛሬው ምእመን የምትሰጠው ትምህርት ከሁሉ የበለጠ ነው። ደብር ሁሉ ሲበለጽግ፥ በተለይም የኢዮቤልዩ በዓል ሲቀርብ፥ ሰፊና ረዥም አዲስ ሕንጻ ይመኛል፤ ምኞቱም ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሕዝቡ በዝቷል፥ አሮጌው ቤት ጠቧል። ነገር ግን በዚያው ፍቅር አሮጌው ቤት ፈርሶ፥ የዋንዛው መዝጊያ ለማገዶ ሆኖ፥ የተቀደደው ሥዕል በአዲስ ቀለም ተሸፍኖ፥ የቀድሞው አትሮንስ ከጓሮ ተጥሎ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ይህን የሚያደርገው ጠላት አይደለም፤ ልጅ ነው። ከእሳትና ከምርኮ የተረፈውን ዕቃ ልጁ በገዛ እጁ ሲያጠፋው ሐዘኑ ይብሳል። የቤተልሔም አባቶች ግን ሁለቱን በአንድነት ማኖር እንደሚቻል አሳይተዋል፤ አዲስ መሥራት አሮጌውን መግደል አይደለም።

እንግዲህ ጉዞው ፍሬ እንዲያፈራ ሥርዓት ያስፈልገዋል። ተጓዦች ጥቂት ቢሆኑ ይሻላል፤ አስቀድመው ለደብሩ አለቃ ይላኩ፤ ከጸሎት በኋላ ይጀምሩ፤ አንድ አናጢ፥ አንድ መምህርና አንድ የአገር ሽማግሌ ይኑሩባቸው። አናጢው ስለ አሠራሩ፥ መምህሩ ስለ አገልግሎቱ፥ ሽማግሌው ስለ ታሪኩ ይናገራሉና። የያዙትን ዕቃ አያነሣሡ፤ አሮጌ ነው ብለውም አይወልውሉት፤ ያለ ዐዋቂ የሚደረግ መወልወል ቀለም ያነሣል። የእያንዳንዱን ዕቃ ስም፥ ርዝመትና ወርድ፥ የተሠራበትን እንጨት፥ ያለበትን ጉዳት በሁለት መዝገብ ይጻፉ፤ አንዱ በቄሰ ገበዙ እጅ በዕቃ ቤት ይቀመጥ፤ ሁለተኛው ለሀገረ ስብከቱ ይላክ። ይህ መዝገብ በገበያ የሚነገር ነገር አይደለም፤ ሌባ ከሁሉ አስቀድሞ አንባቢ ይሆናልና። ዕቃው ግን ቢሰረቅ ወይም ቢጠፋ፥ የተጻፈው የደብሩ ምስክር ይሆናል።

የመሳፍንቱ አዳራሽ አልፏል፤ የነገሥታቱ ድንኳን ተነቅሏል። የቀረው በአንዲት ደብር ዕቃ ቤት ውስጥ ያለ የዋንዛ ሣጥን፥ በአንዲት አሮጊት ጓዳ ያለ በርጩማ፥ በአንድ ሽማግሌ አፍ ያለ የማገርና የምሰሶ ስም ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ የተመኘው ዳስ በታቦር ላይ አልተሠራም፤ ያየውን ግን ዐይተው የነበሩት መስክረውለት ለትውልድ ደረሰ። የደብረ ታቦርና የጋይንት ልጆችም ዳሱ ሳይፈርስ ዐይተው፥ ቈጥረውና ጽፈው ለሚመጣው ኢዮቤልዩ ያስረክቡ ዘንድ እግዚአብሔር ይርዳቸው።